አዋቻችንን በሲሚንቶ አታፍኑብን
ከጀጎል ነባር ግንበኞችና ኖራ ቀቢዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የከተማችንን ቅርሶች የመጠበቅና የመጠገን ኃላፊነት ለተሰጠው መሥሪያ ቤት
ጉዳዩ፦ በአዋች (በቅዱሳን አባቶች ማረፊያዎች) ጥገና ስም እየደረሰ ስላለው ጉዳት

ክቡራን ኃላፊዎች፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ሙስሊም ላልሆናችሁም ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው የሐረር ነባር ከተማ፣ ውስጥ ድንጋይ ስንጠርብ፣ ጭቃ ስናቦካና ኖራ ስንቀባ የኖርን ዘጠኝ ግንበኞችን ወክዬ ነው። ከመካከላችን ትልቁ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ትንሹ የእኅቴ ልጅ ሃያ አራት። በማስታወሻ ደብተር የጻፍኩትን በኮምፒውተር የጻፈችልኝ ልጄ ናት፤ ቁጣውን እንድቀንስ ሁለት ጊዜ መክራኛለች፣ አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

በአደባባይ መጻፍ የመጀመሪያ ምርጫችን አልነበረም። ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ቁጥር ተሰጥቶን፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ቅጂውን ይዘን ተመልሰናል። በእግራችን የመጣነውን አልቆጠርነውም፤ በመጣን ቁጥር ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። አሁን ግን የጥገናው ሁለተኛ ዙር ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ በአራት ተጨማሪ አዋች ላይ እንደሚቀጥል፣ ሥራውም በመጀመሪያው ዙር ዓይነት እንደሚሠራ ተነግሮናል። በመጀመሪያው ዙር የሆነውን በዓይናችን ስላየን ዝም ማለት አልቻልንም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። የአዋች ዚያራ (ሄዶ መጎብኘትና ዱዓ ማድረግ) ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በከተማችን አለ፤ በእኛ በዘጠኛችን መካከልም አለ። አንዱ ሐሙስ ማታ ከረቡ (ከበሮው) ሲመታ ቁጭ ብሎ ያመሻል፣ ሌላው ደጃፉን አልፎ አይገባም። ያ የዑለማ ጉዳይ ነው። ግድግዳው ግን ለሁለቱም ግድግዳ ነው፤ ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ሁለቱም እኩል ያዩታል። ይህ ደብዳቤ ስለ ግድግዳ ነው።

ከእናንተ መካከል ከሌላ ቦታ ተመድባችሁ የመጣችሁ ስላላችሁ ጥቂት ልበል። «አው» በሐረሪ ቋንቋ አባት ነው፤ «አዋች» አባቶች። ቃሉ ለወሊዮቹም (ለቅዱሳኑ ሰዎች)፣ ላረፉበት ቦታም ያገለግላል። ስለዚህ የሰፈራችን ሰው «አዋቹ እየፈረሰ ነው» ሲል ስለ ሕንፃ ብቻ አይደለም የሚያወራው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 አዋች እንዳሏት ጽፏል። ከመስጊዶቹ ሦስቱ እ.ኤ.አ. ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው ተብሎ ተመዝግቧል። በከተማዋ ትውፊት ሼህ አባድር ዑመር አር-ሪዳ ከብዙ ወሊዮች ጋር ከመካ ተነሥተው እዚህ የደረሱት በሂጅራ 612 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1216 መሆኑ ነው። ሐረር «መዲነተል አውሊያ»፣ የወሊዮች ከተማ፣ የተባለችው በዚህ ነው።

ሁሉም አዋች አንድ ዓይነት አይደለም። ጉልላት ያለው አለ፤ ዛፍ ሥር የተከመረ ድንጋይ ብቻ የሆነም አለ። አው ሐኪም ከተራራው ላይ ሆነው ከተማዋን ቁልቁል ያያሉ፤ በከተማችን በዓሹራ ምሽት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። ሴት ወሊዮችም አሉ፤ የአይ አቢዳን ደጃፍ ሙሽሮች ያውቁታል። ለሥራችን ለእኛ ግን ትልቁ መምህር የአሚር ኑር ጉልላት ነው።

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማዋን ከ1551 እስከ 1567 ወይም 1568 (እ.ኤ.አ.) የመሩ፣ የኢማም አሕመድን ባለቤት ባቲ ድል ወንበራን ያገቡ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚዞረውን ግንብ ከአምስት በሮቹ ጋር ያሠሩ ሰው ናቸው። የሕይወታቸው መጨረሻ ረኃብና ወረርሽኝ ነበር፤ ያጠፋቸውም ያው ወረርሽኝ ነው። የከተማው ሰው «የሁለተኛው ድል ባለቤት» እያለ ይጠራቸዋል፣ ከወሊዮችም ይቆጥራቸዋል። ያረፉበት ጉልላት የንብ ቀፎ ይመስላል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ከገጹ ላይ ደግሞ ድንጋዮች እንደ እሾህ ወጣ ወጣ ብለውበታል። አባቴ በልጅነቴ እዚያ ወስዶኝ፣ «እነዚህን አየሃቸው? ቀቢው የሚረግጣቸው ናቸው። ይህን የሠራ ሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ቀቢ አስቦ ነው የሠራው» አለኝ። እውነቱ የአባቴ ይሁን የሌላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ግድግዳ ስሠራ ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሰው አስባለሁ። ቅሬታችን ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተሠራው ሥራ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳለ ያሰበ አይመስልም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምናገረው በእኛ ሰፈር ስላለች አንዲት ትንሽ አዋች ነው። ስሟን አልጽፍም፤ የሚጠብቋት ቤተሰብ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ እናንተም ያለ ስሟ ታውቋታላችሁ።

አንደኛው ቅሬታችን ጨረታው ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ እኛም አነበብን። የተቋራጭነት ፈቃድ በደረጃ፣ የጨረታ ማስከበሪያ በባንክ፣ ያለፉት ዓመታት የሒሳብ ሪፖርት፣ የሲሚንቶ ማደባለቂያ ማሽን ባለቤትነት ተጠየቀ። ያቺን አዋች አያቴ ቀብቷታል፣ አባቴ ቀብቷታል፣ እኔ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሬ ቀብቻታለሁ። ማደባለቂያ ማሽን ግን የለኝም፤ ጭቃ በእግር ነው የሚቦካው። ጨረታውን ያሸነፈው ድርጅት ከሌላ ከተማ መጣ። ሥራው ሲጀመር ከእኛ መካከል አራቱ ተቀጠሩ፤ በቀን ሠራተኝነት፣ አሸዋ ለመሸከም። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ያልኳችሁ ሰው ለወጣቱ ፎርማን «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ በሲሚንቶ አይሆንም» ሲሉት፣ «አባባ፣ ሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለው ይኸው ነው» አላቸው። ልጁን አልወቅስም፤ እውነቱን ነው። ሥራ ዝርዝሩን የጻፈው እርሱ አይደለም።

ሁለተኛውና ዋናው ሲሚንቶው ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ በቢሮ ውስጥ እንዳስረዳ ዕድል ስላልተሰጠኝ።

የጀጎል ግድግዳ ሐሺ በምንለው የአካባቢው ድንጋይ ይገነባል። ድንጋዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ የሚጠጣ ነው። የሚያያዘው በጭቃ ነው፤ በመካከሉ እንጨት ይገባል። ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ መቼም ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በክረምት ከላይ ይረጥባል፣ በበጋ ያስወጣል። ያስወጣል ማለት ይተነፍሳል ማለት ነው። ስለዚህ የምናለብሰው ልብስ የሚያስተነፍስ መሆን አለበት፤ እርሱም ኖራ ነው። ኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውሃ ርሶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ተቀምጦ፣ እንደ እርጎ ሲሆን ነው የሚቀባው። ግድግዳው ላይ ከዋለ በኋላ ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከግድግዳው ግን አይጠነክርም። እርጥበትና ጨው ሲወጣ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ይላጣል፣ ይረግፋል፣ እኛም ረመዳን ሲቃረብ መልሰን እንቀባዋለን። «በየዓመቱ የሚረግፍ ነገር ምን ዋጋ አለው?» ብለው የጠየቁን መሐንዲስ ነበሩ። ዋጋው መርገፉ ነው። የሚረግፈው ኖራ ካልሆነ የሚረግፈው ድንጋዩ ነው።

ሲሚንቶ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሐሺ ይጠነክራል፣ ውሃ አያሳልፍም፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፤ የገባው ግን በየት ይወጣል? ከሲሚንቶው ጀርባ ተኝቶ ጭቃውን ያለሰልሳል። ከመሬት የተሳበውም መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድሮ እስከ ጉልበት ይደርስ የነበረው እርጥበት አሁን በዚያች አዋች ከደረት በላይ ደርሷል። ጨውም ከልስኑ ጀርባ ይረጋና እንደ ሽብልቅ ይገፋል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የምነግራችሁ። ሥራውን ከተረከባችሁ ሁለት ክረምት አልፏል። በመጀመሪያው ክረምት ከደቡብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥላ ታየ። በሁለተኛው በር የሚያህል ልስን በአንድ ሌሊት ወረደ፤ የወረደው ብቻውን አይደለም፣ የድንጋዮቹን ፊት ቆርሶ ይዞ ነው። ቁራጩን አንስቼ አየሁት፤ ከጀርባው የአያቴ የኖራ ንብርብር እንደ ሽንኩርት ልጥ ተደርቦ ተጣብቆበታል። ቆጠርኩት፤ ሃያ ሦስት ከደረስኩ በኋላ ተወኝ ብዬ ተውኩት። አንዱ ንብርብር አንድ ረመዳን ነው። ያን ቁራጭ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ፣ ማየት ለሚፈልግ ኃላፊ አሳያለሁ።

ሦስተኛው ጉልላቱ ነው። ጉልላት የምንሠራው ድንጋዩን ክብ በክብ እያጠበብን፣ ጫፉ ላይ በመዝጋት ነው። ክብደቱ ወደ ጎን ይገፋል፤ ለዚህ ነው ግድግዳው ወፍራም የሆነው። የጥገናው ሠራተኞች የድሮውን ኖራ በብረት ፍቀው አነሡት፣ በሲሚንቶ ለሰኑት፣ በላዩ ላይ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ቀቡት። ሲያልቅ ያብረቀርቅ ነበር። ለርክክቡ ፎቶግራፍ ያመች እንደነበር አልክድም። አሁን ግን ከሥሩ በውሃ ተነፍቶ እንደ ቃጠሎ ቁስል አብጧል። ውስጡ ደግሞ ይሸታል። ለመውሊድ የሚነበበውን ኪታብ የሚሸፍነው ጨርቅ ሻገተ፤ ኪታቡን ሙሪዷ (የአዋቿ ጠባቂ) ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከመቶ ዓመት በላይ በዚያች ክፍል የተቀመጠ ኪታብ ዛሬ በአንዲት ሴት ሣጥን ውስጥ ነው።

ስለ ሲሚንቶው ክብደት አንድ ቃል ልጨምር። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ልስን በጉልላት ዙሪያ ሲለበስ ስንት ኩንታል እንደሚሆን የሠራው መሐንዲስ ያሰላው ይመስላችኋል? እኛ የተሸከምነውን ከረጢት ስለምናውቅ አስልተነዋል። የግድግዳው ጭቃ ደረቅ ሆኖ ቢሆን ይችለው ነበር። አሁን ርጥብ ነው።

አራተኛው ቅሬታ ከግንበኝነት ያልፋል፣ ግን ካላነሣሁት የሰፈሩ ሰው ይታዘበኛል። የዚያች አዋች በር ዝቅ ያለ ነበር። ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ አሚርም ቢሆን፣ ለማኝም ቢሆን። የጥገናው ፕላን በሩን «ለጎብኚ ምቹ» ለማድረግ አስፍቶ ከፍ አደረገው። የብረት በር ተገጠመ፣ ቁልፍ ተንጠለጠለበት፣ ቁልፉ ወደ እናንተ ቢሮ ሄደ። ሙሪዷ የሰባ ዓመት እናት ናቸው፤ ሙሪድነቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ዕጣን የሚያጨሱት፣ የሚጠርጉት፣ ሐሙስ ማታ ዚክሪ ሲደረግ ሆጃ የሚያፈሉት እርሳቸው ናቸው። የገዛ ቤታቸውን ያህል የሚያውቁትን ቦታ ለመክፈት በሥራ ሰዓት ቢሮ ሄደው እንዲፈርሙ ተደረገ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ቢሮ ዝግ ነው። አራት ወር ያህል በዚያች አዋች ከረቡ አልተመታም፤ ከበል (የእንጨት ማጨብጨቢያ) አልተጨበጨበም። በመጨረሻ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አዝኖላቸው ቁልፉን ያውሳቸው ጀመር። ስሙን አልናገርም፤ እንዳትቀጡት።

በሩ ስለተቆለፈ ግድግዳው ተጎዳ ስል የሚገርመው ሊኖር ይችላል። ሰው የማይገባበት ቤት ውስጥ ጣሪያው ማንጠባጠቡን ማን ያያል? ድሮ የመጀመሪያዋ ጠብታ በወደቀች በሳምንቱ ሙሪዷ ወደ ቤቴ ልጅ ይልኩ ነበር። እኔም ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሽንቁሩን እደፍነዋለሁ። ደመወዜ ቡናና ዱዓ ነበር። ይህ አሠራር በየትኛውም የበጀት ዓመት ዕቅድ ላይ አልተጻፈም፣ ግን አዋቹን እዚህ ያደረሰው እርሱ ነው።

አምስተኛው ባጭሩ፦ ከአዋቹ ፊት ያለው መተላለፊያ በኮብልስቶን ሲነጠፍ ከቀድሞው ከፍ ብሏል። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ ደጃፉ ነው የሚወርደው። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በዝናብ መቆም ይበቃል።

ስድስተኛው ሰሌዳው ነው። የወሊዩ ስም በአማርኛ ተሳስቶ፣ በሐረሪ ደግሞ ጭራሽ ሳይጻፍ ተተክሏል። ሙሪዷን የጠየቀ አልነበረም። ልጆቹ ሰሌዳውን እያነበቡ ይስቃሉ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የእናንተ ብቻ አይደለም። የራሳችን ሰዎች በገዛ ቤታቸው ሲሚንቶ ለስነዋል፤ እኛም ገንዘብ አስፈልጎን የለሰንበት ጊዜ አለ። እኔ ራሴ ከሃያ ዓመት በፊት የአንድ ዘመድ ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኜ፣ ነደባው (የቤቱ መቀመጫ መደብ) ላይ እርጥበት ወጥቶ፣ ቀይ አፈሩ ሲላጥ አይቼ አፍሬ በነጻ መልሼ ሠርቻለሁ። የኖራ ጉድጓዶቻችንን አንድ በአንድ የዘጋነውም እኛው ነን፤ ከረጢት ሲሚንቶ ከሱቅ ማምጣት ይቀልላል። ይህን የምናገረው ሲሚንቶ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ በኪሳራ የተማረ እንደሌለ እንድታውቁ ነው።

በቢሯችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ለሩብ ሰዓት ያነጋገሩን ባለሙያ፣ በዓለም ቅርስ ላይ ነባር ግንበኛን ማሰማራት «ደረጃውን የጠበቀ አይሆንም» ብለውን ነበር። ስለ ቲምቡክቱ ልንገራቸው። በማሊ የምትገኘው ያቺ ከተማም እንደ እኛው የወሊዮች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የወሊዮች መቃብሮች 14ቱን በዶማና በመጥረቢያ አፈረሷቸው። በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አንዱ ተከሶ በ2016 ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበታል። መቃብሮቹን ከ2014 እስከ 2015 መልሰው የሠሯቸው ግን እነማን ናቸው? የከተማዋ ነባር ግንበኞች ናቸው፤ በጭቃቸው፣ በአባቶቻቸው እጅ ልክ፣ በዩኔስኮ ድጋፍ። ያ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ የእኛ ለምን አይሆንም? የእነርሱ አዋች በጠላት ዶማ ነው የፈረሰው። የእኛ በመንግሥት በጀት፣ በመልካም ሐሳብ፣ ቀስ ብሎ እየፈረሰ ነው።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገናና እንክብካቤ ሥራ በቅድሚያ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቶ እንዲሠራ ያዛል። ለዚህች አዋች ሲሚንቶና ዘይት ቀለም የፈቀደ ደብዳቤ ካለ ማየት እንፈልጋለን። ከሌለ ደግሞ መልሱ ራሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር የሹዋሊድ በዓላችን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ጨፍሯል፤ እናንተም ንግግር አድርጋችኋል። ሹዋሊድ የሚከበረው በአው ሹሉም አሕመድና በአው አቅበራ አዋች ነው። የማይዳሰሰው በሚዳሰሰው ግድግዳ ሥር ነው የሚጨፈረው። ያን ቀን ደስ ብሎን ነበር፣ አንዋሽም። ግን ወደ ሰፈራችን ስንመለስ የተቆለፈውን የብረት በር ነው ያገኘነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የሁለተኛው ዙር ጥገና በአሁኑ ሥራ ዝርዝር እንዳይጀመር ይታገድልን። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ነባር ግንበኞችና የየአዋቹ ሙሪዶች የተገኙበት ውይይት ይደረግ፤ ውይይቱም በአዳራሽ ሳይሆን እዚያው በአዋቹ ደጃፍ ይሁን። ወንበር እኛ እናመጣለን።

በሰፈራችን አዋች ላይ ያለው ሲሚንቶ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ይነሣ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማንሣት አደገኛ ስለሆነ ከሥር ጀምሮ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በእጅ መሣሪያ፣ ያለ ማሽን ይነሣ፤ ግድግዳው አንድ በጋ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ጉልላቱ ይከተል። ይህን ሥራ በነጻ ለማከናወን ዘጠኛችንም ፈቃደኞች ነን፤ ከእናንተ የምንሻው የጽሑፍ ፈቃድና መወጣጫ እንጨት ብቻ ነው።

ለአዋችና ለጥንታዊ መስጊዶች ጥገና የጨረታው መስፈርት ይለወጥ። ማሽን ያለውን ሳይሆን ኖራ ማርሰስ የሚችለውን የሚፈትን ፈተና ይኑር፤ እኛም እንፈተን፣ የወደቀ ይውደቅ። አንድ ወጣት ከእያንዳንዳችን ጋር በበጀት ተመድቦ ይማር። ከዘጠኛችን አምስታችን ከስድሳ በላይ ነን።

የአዋቹ ቁልፍ ዛሬ ነገ ሳይባል ለሙሪዷ ይመለስ። ለመዝገባችሁ የሚያስፈልግ ከሆነ ቅጂውን እናንተ ያዙ።

ከደጃፉ ፊት ያለው ኮብልስቶን ዝቅ ተደርጎ የውሃ መውረጃ ይሠራለት። ሰሌዳው ተነሥቶ ስሙ በሐረሪና በአማርኛ ተስተካክሎ ይጻፍ፤ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሙሪዷ ይነግሯችኋል።

መልሳችሁን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ኖራውን በተመለከተ አትጨነቁ፤ ባለፈው መጋቢት ከግቢዬ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ማርሰስ ጀምረናል። እስከ ጥቅምት ይደርሳል።

በአክብሮት፣

በጀጎል ነባር ግንበኞችንና ኖራ ቀቢዎችን በመወከል
ግንበኛ፣ ሐረር